ብረት የማይነካቸው እሜቴ

በቤታችን አንቱ የሚባሉ ሁለት ፍጥረቶች አሉ። አንደኛው አባቴ ናቸው። ሁለተኛዋ አጥንት፣ ዓይንና አንጎል የሌላቸው አንዲት የባሕር አኒሞን ናቸው፤ ስማቸው እሜቴ ነው።

አኒሞን አይተው ለማያውቁ ጎብኚዎች እንዲህ ብዬ ነው የማስረዳው፦ አበባ ይመስላሉ፣ ግን እንስሳ ናቸው። ቅጠል የመሰሏችሁ ጣቶቻቸው ናቸው። መሐል ላይ ያለችው ቀዳዳ አፋቸው ናት። ከታች ድንጋዩን ሙጭጭ ብለው የያዙበት ደግሞ እግራቸው ነው። ጎብኚው ይስቃል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ከዚያ "ዔሊው የት ነው?" ይለኛል። ሁሌም እንዲህ ነው። ይህን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር አፌ ላይ የሚመጣውን ብናገር ከሥራ እባረር ነበር፤ ደግነቱ ቤቱ የአባቴ ነው።

ቤቱ ድሮ የበረዶ ፋብሪካ ነበር። ባሕሩ ዳር ነው። አባባ ጠላቂ በነበሩበት ዘመን ገዝተው የተጎዱ የባሕር እንስሳት ማገገሚያ አደረጉት። መግቢያው ላይ የትኬት ጠረጴዛ አለ፣ ከዚያ ረጅም ኮሪደር፣ በቀኝ የሕክምና ክፍል፣ በግራ የዔሊ ገንዳ፣ መጨረሻ ላይ ትልቁ ገንዳ። ትልቁ ገንዳ የእሜቴ ነው።

እሜቴን ያመጧቸው አባባ ናቸው። ባሕሩ የሞቀ ጊዜ፣ ዐለቱ ላይ የነበረው ሕይወት ሁሉ እየነጣ ሲያልቅ፣ የተረፉትን ጥቂት አኒሞኖች ለማውጣት ወረዱ። በመሮ አልፈለፈሏቸውም። "አይገደዱም፤ ሲፈልጉ ይለቃሉ" ብለው ለትንፋሽ እየወጡ፣ መልሰው እየጠለቁ፣ በትዕግሥት ጠበቋቸው። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ አንድ ሠራተኛ ገንዳው ላይ የመዳብ ቧንቧ ገጠመ፤ መዳቡ ውኃውን መርዞ ከእሜቴ በቀር ሁሉንም ፈጃቸው። በእኛ ባሕር ከዚያ ወዲህ የእሳቸው ዘር አልታየም። አባባም ያን ቀን ሕግ አወጡ፦ ትልቁ ገንዳ ውስጥ ብረት የሚባል ነገር አይገባም። መዳብ በሉት ሌላ፣ ለአባባ ሁሉም ብረት ነው። በሩ አጠገብ የእንጨት ሳህን አለ። ሰዓት፣ ቀለበት፣ የጆሮ ጌጥ፣ ቀበቶ ሳይቀር እዚያ ተራግፎ ነው የሚገባው። መረባችን ፕላስቲክ ነው፤ መቆንጠጫችን እንጨት ነው። እኔ እንኳ ፀጉሬን የማስረው በጨርቅ ነው።

አባባ አሁን ዓይናቸው ጠፍቷል። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን እየዳሰሱ ኮሪደሩን ጨርሰው ይመጣሉ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው አመልካች ጣታቸውን ውኃው ውስጥ ይከታሉ። እሜቴ በጣቶቻቸው ይይዟቸዋል። ማር የነካ እጅ እንደሚጣበቅ ያለ፣ ለስለስ ያለ አያያዝ ነው። አባባ "ያዙኝ" ይላሉ። በቤታችን ቀኑ የሚጀምረው ያቺ ቃል ስትሰማ ነው።

ዔሊው ደግሞ ባሻ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ፊቱ ጡረታ መውጣቱ ያልተዋጠለት የጥበቃ ኃላፊ ስለሚመስል። ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው ያመጡት። የመረብ ገመድ የፊት መቅዘፊያ እግሩን አንዱን እስከ አጥንቱ በልቶት ነበር። እህቴ ቆርጣ አዳነችው።

እህቴ የእንስሳት ሐኪም ናት። ታላቄ ስለሆነች እትዬ ነው የምላት። ባሕር ተሻግራ ተማረች፣ እዚያው ብዙ ሠራች፣ የአባባ ዓይን ሲጠፋ ተመለሰች። እኔ ከዚህ ቤት ወጥቼ አላውቅም። ዘመዶቻችን ሲቀልዱ እሷን ባሻ፣ እኔን እሜቴ ይሉናል፤ እሷ ዓለምን ዞራ የምትመጣ፣ እኔ ከድንጋዬ ወይ ፍንክች የማልል። ሲሳቅ አብሬ እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን አያስቀኝም።

እትዬ በመጣች ቀን ናፍቆቷ ይሁን ችኮላዋ፣ ቀለበቷን ሳታወልቅ እጇን ገንዳው ውስጥ ከተተች። እኔ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። እሷም ዝም አላለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እሜቴ ጋር እጇን ሰድዳ አታውቅም። እሷ ወደ ዔሊዎቿ፣ እኔ ወደ እሜቴ፤ ኮሪደሩ መሐላችን።

አባባ የፈጠሩት ጨዋታ ደግሞ ነገሩን አባባሰው። ትኬት ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰፋፊ የመስታወት ዕቃዎች አሉ፤ አንዱ የባሻ፣ አንዱ የእሜቴ። ጎብኚው ሲወጣ አንድ ጠጠር እንሰጠውና "ሁለቱም ሊጠፉ የተቃረቡ ናቸው፤ አንዱን ብቻ ማዳን ብትችል የቱን?" እንለዋለን። አባባ ያሰቡት ሰው እጁ አየር ላይ ቀርቶ እንዲያመነታ ነበር። ማንም አያመነታም። ጠጠሩ ቀጥታ ባሻ ዘንድ ነው የሚገባው። "ያለቅሳል እኮ፣ ምስኪን!" ይሉኛል። ዔሊ ከባሕር ውኃ ጋር የሚጠጣውን ጨው የሚያስወጣው በዓይኑ በኩል ነው፤ ልቅሶ አይደለም፣ ጨው ነው ብዬ አስረዳለሁ። አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ገባን ይላሉ፣ ጠጠራቸውን ባሻ ዘንድ ይጥላሉ። ማታ አባባ ሁለቱን ዕቃዎች በእጃቸው መዝነው "ዛሬም ባሻ ከበደ" ሲሉ ደሜ ይፈላል።

የሚገርመው ያ ሁሉ ጠጠር የተጣለለት ባሻ መኖሩን የተወው ይመስል ነበር። ቁስሉ ደርቋል፣ ጉሮሮው ደህና ነው፣ ግን ከመጣበት ቀን ጀምሮ በአፉ የቀመሰው ነገር የለም። እትዬ ዓሣ፣ ሽሪምፕ፣ የባሕር ሣር፣ ያልሞከረችው የለም። አፍንጫው ሥር ሲያቀርቡለት ፊቱን ያዞራል። በቱቦ ነበር ያቆየችው። እሱም አላዋጣም፤ አንገቱ ሥር ያለው ቆዳ ተጎድጉዷል። "በራሱ ካልበላ አይተርፍም" አለችኝ አንድ ቀን፣ ኮሪደሩ ላይ ስንተላለፍ።

ገንዳው የተሰነጠቀው ከዚያ በኋላ ነው። ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት ለጎብኚዎች እያስረዳሁ ሳለ ጣውላ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው ውኃ በጫማዬ ላይ አለፈ። ዘወር ስል የባሻ ገንዳ መጋጠሚያው ላይ ከላይ እስከ ታች ተተርትሯል።

"ሰዎቹን አስወጪ!" እትዬ ከሕክምናው ክፍል እየሮጠች መጣች።

አስወጣኋቸው። አንዷ ሴትዮ በዚያ ጭንቅ መሐል ጠጠሯን ስትጥል አይቻታለሁ፤ የት እንደጣለችው መናገር አያስፈልገኝም። በሩን ዘግቼ ለቧንቧ ሠራተኛችን ደወልኩ።

"ገንዳው ፈነዳ፣ ቶሎ ና!"

"ደርሻለሁ" አለኝ።

ይህ ሰው ገና ካልሲውን እየፈለገ እንኳ ደርሻለሁ ነው የሚለው። ከዚህ የተነሳ ቤቱ ሁሉ "ደርሻለሁ" እያለ ነው የሚጠራው። ስልኩን ዘግቼ ተመለስኩ።

ገንዳው ባዶ ለመሆን ምንም አልቀረውም። ባሻ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ሲተነፍስ ደረቱ በኃይል ይነሣና መሐል ላይ ይቆማል፣ ከዚያ እንደተከደነ ነገር ዝም ይላል። ዓይኑ ሥር ያ ወፍራም እንባ ተንጠልጥሏል። ጨው ነው አልኩ ለራሴ።

"ሸራውን አምጪ" አለች እትዬ።

"የት ልንወስደው ነው?" መልሱ ሳይጠፋኝ ነው የጠየቅኳት። እሱን የሚችል ሌላ ውኃ በቤቱ ውስጥ አንድ ብቻ ነው።

"ወደ ትልቁ ገንዳ።"

"አይሆንም።"

"ሌላ ቦታ አለሽ?"

"እርጥብ ጨርቅ አልብሰነው ጥላ ውስጥ ይቆይ። ዔሊ የሚተነፍሰው አየር ነው፤ አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ።"

"ጤነኛ ቢሆን ይቆይ ነበር። ይሄ ግን አልቋል። ከውኃ ሲወጣ የገዛ ክብደቱ ሳንባውን ይጫነዋል። እስቲ አዳምጪው።"

መስማት አልፈለግኩም፤ ግን ሰማሁት። አየሩ ሲገባ በጠባብ ቀዳዳ እንደሚገባ ያፏጫል።

"እትዬ፣ የባሻ ዘር ምንድን ነው የሚበላው?"

ጎንበስ ብላ የባሻን ዛጎል ማርጠብ ጀመረች።

"ንገሪኝ እንጂ፣ ዶክተር አይደለሽ?" ስናደድ ነው ዶክተር የምላት።

"ታውቂዋለሽ።"

በደንብ አውቀዋለሁ። የእሱ ዘር አፉ እንደ ወፍ ምንቃር የሾለ ነው። በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የተሸሸገ ለስላሳ ገላ እየመዘዘ ይበላበታል። ሌላውን ፍጥረት የሚያቃጥለው የአኒሞን ጣት ለእሱ ሰላጣ ነው።

"እሱ እኮ መብላት ትቷል" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"እሳቸውን ሲያይ ቢያምረውስ?"

"ቢያምረው..." ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቢያምረው እኔ ስሞት እሷ በደስታ ልታብድ ነው።

"እሜቴን ለጊዜው ማንሳት አይቻልም?" አለችኝ።

"እግራቸው ስንጥቁ ውስጥ ነው ያለው። ብጎትታቸው ይቀደዳሉ። እስኪለቁ ደግሞ ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል፣ ጭራሽም ላይለቁ ይችላሉ።"

አባባ ግድግዳውን እየዳሰሱ መጡ። እግራቸው ውኃ ውስጥ ነው።

"ማነው እንዲህ የሚያፏጨው?"

"ባሻ ነው፣ አባባ" አለች እትዬ። "ገንዳው ተተረተረ። ትልቁ ገንዳ ውስጥ ላስገባው።"

አባባ ጎንበስ ብለው የባሻን ትንፋሽ አዳመጡ።

"ገንዳውን የሠራሁት እኔ ነኝ" አሉ። "የእሜቴ ጠባቂ ግን እሷ ናት። እሷን ጠይቂ።"

ማየት የማይችል ሰው ፊቱን ወዳንቺ አዙሮ መልስ ሲጠብቅ እንዴት እንደሚከብድ የደረሰባት ታውቀዋለች። እምቢ ማለት እችል ነበር። እምቢ ብል ማንም አያስገድደኝም፤ ባሻም እዚያው እግራችን ሥር እያፏጨ ይጨርሳል፤ እኔም ነገ ጠዋት አባባ "ያዙኝ" ሲሉ እየሰማሁ ቀኔን እጀምራለሁ። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ባሻ እንደገና ተነፈሰ።

"መሐሉን በመረብ ካጠርኩት በኋላ" አልኩ። "እኔም ከእሳቸው በኩል ውኃ ውስጥ እሆናለሁ። ወደ እሳቸው ከመጣ አወጣዋለሁ፤ ይሞታል ብለሽ አትከራከሪኝም።"

"እሺ" አለች።

"በአባባ ማይልኝ!"

"አንቺ ልጅ፣ ቃሌን ሰጠሁሽ እኮ።"

ፕላስቲኩን መረብ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወጠርኩት። ታቹን በድንጋይ ጫንኩት፣ ላዩን በገመድ አሰርኩት። አንዱ ቋጠሮ ግን ደጋግሞ ተፈታብኝ። እሜቴ ምንም የሚያውቁት ነገር የለም፤ ጣቶቻቸውን በሙሉ ዘርግተው በውኃው ይወዛወዛሉ። ውስጣቸው የሚኖሩት ሁለት ትንንሽ ብርቱካንማ ዓሦች ግን መረቡን ጠርጥረው ወጣ ገባ ይላሉ። አንዱ ቁርጭምጭሚቴን ነከሰኝ። የእሜቴ ዘበኞች ናቸው፤ ጌታና ሎሌ አይለዩም።

ባሻን በሸራ ተሸክመን አመጣነው። ከጠርዙ ወደ ውኃው ያወረደችው እትዬ ናት፤ እኔ ከታች ተቀበልኩት። ከበደኝ። ውኃው ሲይዘው መጀመሪያ እንደ ድንጋይ ሰመጠ፤ እትዬ "አይ፣ አይ፣ አይ" አለች። ከዚያ በቀረው መቅዘፊያው ወለሉን ገፋና ቀስ ብሎ ብቅ አለ። ትንፋሹ በረጅሙ ወጣ። ፉጨቱ የለም።

"ተነፈሰ" አሉ አባባ ጠርዙ ላይ ተቀምጠው።

እኔ በመረቡ በወዲህ በኩል፣ ለእሜቴ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ውኃው እስከ ደረቴ ደርሶ ቆምኩ። ለተወሰነ ጊዜ ምንም አልሆነም። ባሻ በወዲያኛው ጥግ ተንሳፍፎ አረፈ። ሞቀው፣ ተመቸው ብዬ አሰብኩ፤ እንደ ጥበቃ ኃላፊ ያንቀላፋል ብዬም በልቤ ቀለድኩበት። ደርሻለሁ ሁለተኛ ደውሎ እንደደረሰ ነገረን። ከስልኩ ውስጥ የሻይ ብርጭቆ ሲንቃጨል ይሰማ ነበር።

በዚህ መሐል ነው ባሻ ራሱን ቀና ያደረገው።

አንገቱን መዘዘ፣ ግራና ቀኝ አለ፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ እኔ ዞረ። ወደ እኔ አይደለም፤ ከኋላዬ ወዳሉት። ውኃው ጠረናቸውን አድርሶለታል። እስከዚያ ቀን እንደዚያ ሲቀዝፍ አይቼው አላውቅም። ሦስት እግር ያለው አይመስልም፤ መጣና በምንቃሩ መረቡን መታው። መረቡ ወደ እኔ ተለጠጠ።

"ሂድ!" አልኩት እንደ ውሻ። "ሂድ ከዚህ!"

እንደገና መታው። ያ የማይረባ ቋጠሮ ተፈታ። የመረቡ ላይኛው ጥግ ወረደና ባሻ በወረደው በኩል ግማሽ ገላውን አስገባ። በሁለት እጄ ዛጎሉን ይዤ ገፋሁት። ዛጎሉ ያሟልጫል፤ ጉልበቱም የረሃብተኛ ጉልበት አይደለም። እየገፋኝ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ የእሜቴ ጣቶች ጀርባዬን ሲነኩኝ ተሰማኝ፣ ሸሚዜ ላይ ሙጭጭ አሉ።

"እትዬ፣ ሸራውን! አውጪው!"

ቀና ስል እትዬ ጠርዙ ላይ ተንበርክካለች፤ ሸራው በእጇ ነው፤ አትንቀሳቀስም። ዓይኗ የባሻ አፍ ላይ ነው።

"አፉን ከፈተ" አለች። ድምፅዋ የሷ አይመስልም። "አየሽው? ከፈተ እኮ!"

አየሁት። ምንቃሩ ፊት ለፊቴ ተከፍቶ ይዘጋል፣ ተከፍቶ ይዘጋል። ያ ሁሉ ሽሪምፕ ያላስከፈተው አፍ።

ከዚያ እትዬ ሸራውን ዘረጋች። "ያዢው፣ ላወጣው ነው" አለችኝ። ቃሏን ልትጠብቅ ነው። ፊቷን ግን ማየት አልቻልኩም፤ ወደ ግድግዳው አዙራዋለች። ትለምነኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ትንሽ ብቻ፣ አንድ ጣት ብቻ ትለኛለች ብዬ። ብትለምነኝ ኖሮ፣ እውነቴን ነው፣ እምቢ እላት ነበር። እልኬ ያን ያህል ነው። እሷ ግን አልለመነችኝም፤ ከንፈሯን ነክሳ ሸራውን ባሻ ሆድ ሥር ማስገባት ጀመረች። አለመለመኗ ነው አንጀቴን የበላኝ።

"ሸራውን ተዪው" አልኳት።

"ምን?"

"መቀስ አምጪ።"

"የቱን መቀስ?"

"የቀዶ ጥገናሽን ነዋ! የእንጨት መቀስ አለን እንዴ? አፍልተሽ ያስቀመጥሽውን። የዓሣ ቁራጭም አምጪ። ሩጪ!"

እትዬ አባባን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ሮጠች። እኔ ባሻን አንገቱ ሥር በክንዴ አቅፌ ያዝኩት። በአንድ እጄ እሱን እየገፋሁ በሌላው እሜቴን ሸፈንኳቸው። ከሁለቱ አንዱን እንኳ በወጉ መያዝ አልቻልኩም። ዘበኞቹ ሁለት ዓሦች ባሻን ይነክሱታል፣ እኔን ይነክሱኛል፣ ሁላችንንም እኩል አደረጉን።

እትዬ ተመልሳ መቀሱን አቀበለችኝ። ቀዝቃዛ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ሁሉ "አቁሙ፣ ብረት አይነካቸውም" ስል የኖርኩት እኔ ነኝ። አሁን ብረቱን ይዤ ውኃው ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

"ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው። ጆሮ የላቸውም፤ ቢሆንም አልኳቸው።

ዳር ላይ ያሉትን፣ ረዘም ረዘም ያሉትን ጣቶች ያዝኩ። ቆረጥኩ። የመቀሱ ድምፅ ውኃው ውስጥ ሳይሆን ጥርሴ ውስጥ ነው የተሰማኝ። እሜቴ በአንድ ጊዜ ተሰበሰቡ፤ ያ ሁሉ አበባ ጠፍቶ ቡጢ የሚያህል የተጨማደደ ነገር ሆኑ።

"ብረት ነው?" አሉ አባባ።

እትዬ "አባባ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት" ልትል ስትጀምር ቀደምኳት።

"አዎ፣ አባባ። ብረት ነው። የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ።"

አባባ ዓይናቸውን በመዳፋቸው አሹ።

"በሉ እንግዲህ" አሉ። "እኔ እንደሆነ ምንም አላየሁም።"

እትዬ ሳቋና ልቅሶዋ ተቀላቅሎ አፏን ሸፈነች። እኔ ለመሳቅ ጊዜ አልነበረኝም። መቀሱን ወደ ውጭ ወረወርኩ፣ አንዱን ጣት በዓሣው ቁራጭ ላይ ጠቀለልኩ፣ ለባሻ አፍ አቀረብኩ። ምንቃሩ ጥቅሉን መነጨቀኝ። ማኘክ አያውቅም፤ አንገቱን ወደ ላይ አድርጎ ዋጠው። ከዚያ ደግሞ አፉን ከፈተ። ሁለተኛውን ሰጠሁት። ሦስተኛው ላይ ዓሣውን በእሜቴ ልጋግ ብቻ አሽቼ ያለ ጣት ሞከርኩት። ባሻ አሸተተ፣ አመነታ፣ ዋጠ። በመጨረሻም ዓሣውን እንዲሁ፣ ያለ ምንም፣ ከእጄ በላ።

"እየበላ ነው አይደል?" አሉ አባባ።

"እየበላ ነው" አለች እትዬ።

በዚህ ጊዜ የውጭው በር ተንኳኳ። "ደርሻለሁ!" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነበር። ገንዳውን በዚያው ዕለት አበጀው፤ ባሻም ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ማግስቱን አባባ መጡ፣ ተቀመጡ፣ ጣታቸውን ከተቱ። እሜቴ እንደተጨማደዱ ናቸው። አባባ ብዙ ጠበቁ። ጣታቸውን አውጥተው በሸሚዛቸው ጠረጉና "ዛሬ አልያዙኝም" ብለው ተነሡ። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ከዚያም ወዲያ እንዲሁ። ዘበኞቹ ዓሦች ማደሪያቸው ተዘግቶባቸው ድንጋዩን ይዞራሉ። እኔ ውኃውን እለካለሁ፣ ሙቀቱን አያለሁ፣ ደጋግሜ አሸተዋለሁ፤ የሞተ አኒሞን ይሸታል። ሽታ የለም፤ ግን እንቅስቃሴም የለም። ኮሪደሩ ማዶ ባሻ እንደ ተኩላ ይበላል። ምንቃሩ ሲንቃጨል በሰማሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ የቆረጥኳቸው ጣቶች ትዝ ይሉኛል። አኒሞን ጣቱ ቢቆረጥ መልሶ እንደሚያበቅል አውቃለሁ። ለጎብኚዎች ስንቴ ተናግሬዋለሁ። በገዛ እጅሽ ቆርጠሽ ስትጠብቂ ግን ዕውቀት አያስተኛም።

እትዬ በእነዚያ ቀናት ባሻን አብልታ ስትጨርስ ወደ ትልቁ ገንዳ በር እየመጣች ትቆማለች። አትገባም። "እንዴት አደሩ?" ትለኛለች። አንቱ ስትላቸው የመጀመሪያዋ ነው።

"እንዳኮረፉ ናቸው" እላታለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ስገባ አባባ ቀድመውኛል። እትዬም አጠገባቸው ቆማለች። በሩ ላይ ያለው የእንጨት ሳህን ውስጥ ቀለበቷን አየሁት፤ ሰዓቷም አለ፣ የጆሮ ጌጧም አለ።

አባባ ጣታቸውን ከተቱ። ፊታቸውን አጥብቄ አየሁ፤ ምንም አይነበብበትም። ቶሎ መልሰው አወጡት። ከዚያ እጃቸውን በአየር ላይ ዘርግተው እትዬን ፈለጓት።

"አንቺ ነይ" አሏት።

"እኔ?"

"ነይ አልኩሽ። እጅሽን ስጪኝ።"

እጇን ይዘው ቀስ ብለው ወደ ውኃው አወረዱት። ጎንበስ ብዬ ተመለከትኩ። ቡጢው ትንሽ ላላ ብሏል፤ በጠርዙ ዙሪያ የቆረጥኳቸው ጉማጆች ይታያሉ፣ ጫፋቸው ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነጭ ነገር አቆጥቁጧል። እትዬ ጣቷን አስጠጋች። ብዙ ቆየን፤ የፓምፑ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። አንዱ ጉማጅ ተነቃነቀ። ከዚያ ሌላው።

እትዬ ትንፋሿን ዋጠች።

"ያዙኝ" አለች።

ዓይኗ ሥር የተንጠለጠለችውን ጠብታ በትከሻዋ ልትጠርጋት ሞከረች፤ እጇን ከውኃው ማውጣት አልፈለገችም። ጨው ነው አላልኳትም።